«ጣር» የሚለው ካርድ

ጥቅምት 8

ለማከብርዎ አጎቴ፤

ይህ ሰላምታ ከብርድ አገር ተነሥቶ ረጅም መንገድ ስለሚሄድ፣ ሲደርስ ቀዝቅዞ ቢያገኙት እጅዎ ላይ ያሙቁት። እርስዎም እማዬም ደኅና ናችሁ ወይ? ክፉ አይንካችሁ። እኔ ደኅና ነኝ፤ የጎደለኝ እናንተ ብቻ ናችሁ።

የ«መ» ካርዶች ተተይበው አልቀዋል። ሰባ ሁለቱንም ገጽ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። የምተይበው እሑድ እሑድ ነው። ሌላውን ቀን ሆቴሉ ምድር ቤት ውስጥ አንሶላ ስተኩስ ነው የምውለው፤ እንፋሎቱ ፊቴን ያበስለዋል፣ እግሬ ግን በረዶ ነው። የጽሕፈት መኪናው ሲንጣጣ አከራዬ ከታች ሆና ጣራዋን በመጥረጊያ እንጨት ትደበድብ ነበር። አሁን ብርድ ልብስ አጥፌ ከሥሩ ስላነጠፍኩ ታግሣኛለች።

አብራኝ የምትተኩሰው ልጅ ምን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ። «አጎቴ ማተሚያ ቤት ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ስሕተት ሲያርሙ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ የራሳቸውን ስሕተት ለመሥራት መዝገበ ቃላት ጀመሩ» አልኳት። ይቅርታዎን። አንድ ቃል በአንድ ካርድ እንደሆነ ነገርኳት፤ ትርጉሙ፣ ከየት እንደ መጣ፣ ከዚያ ምሳሌው። ምሳሌውም በጆሮዎ የሰሙት ብቻ እንደሆነ፣ ከሥሩ ማን እንደ ተናገረውና ቀኑን እንደሚያስቀምጡ። «ፈጥረው ቢጽፉትስ ማን ያውቅባቸዋል?» አለች። እርስዎን አታውቅም።

ከካርዶቹ እኩሌታው ላይ ያለው «እህቴ» ነው። እማዬ ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ስታወራ፣ እርስዎ ከጀርባዋ ሆነው ሲጽፉ ይታየኛል። ስተይብ ድምፅዋን እሰማዋለሁ። «ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለውን ለማን እንደ ተናገረችው ቀኑን አይቼ ዐውቄአለሁ። ለእኔ ነው። ሁለተኛ ዓመት ፈተና የወደቅኩ ጊዜ።

የመኖሪያ ወረቀቴ ነገር እንደዚያው ነው፤ ስድስተኛ ዓመቱን ይዟል። ሳይሰጡኝ ከአገሩ ከወጣሁ መዝገቡ ይዘጋል፣ ተመልሶ መግባት የለም ይላሉ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። እማዬን ሳላያት ግን ስድስት ዓመት ሊሞላ ነው።

ለእማዬ፦ ያገለገለ ካፖርት አግኝቼ ነበር፤ ለእኔ የተሰፋ ይመስላል፣ እጅጌው ብቻ ጣቶቼን ይሸፍናል። ከየት ልቁረጠው?

ልጅዎ

ኅዳር 4

ይድረስ ለሰረዝ፤

አምላክ ከክፉ ይሰውርሽ፣ ከደግ ሰው ያገናኝሽ፣ ከስሕተትም ይጠብቅሽ። ይህን የመጨረሻውን የጨመርኩት በሰባ ሁለቱ ገጽ ውስጥ አራት ስላገኘሁ ነው። ለሌላ ሰው አራት ምንም አይደለም። ለእኔ እንቅልፍ ነሺ ነው። በልጅነትሽ ወሬ ጀምረሽ አራት ነጥብ ሳትደርሺ ስለምትሮጪ «ሰረዝ» ያልኩሽ አልተሳሳትኩም፤ ደብዳቤሽም ያው ነው።

እናትሽ ደኅና ናት። ወገቧን ትንሽ አመም ያደርጋታል። ዐርባ ዓመት መኪና ላይ የጎበጠ ወገብ መቼም አይዘፍንም። ጤና ጣቢያ ሄደን ቅባት ሰጥተዋታል፤ ተሽሏታል። እንደምታውቂው እሷ መርፌ እንጂ ብዕር አትይዝም፤ ስለዚህ እንደ ወትሮው እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። እንዲህ ትላለች፦

«እጅጌውን ከጫፉ እንዳትነኪው። ጫፉ ላይ ቁልፍ ካለው ያበላሽብሻል። ከትከሻው ፍቺና ከላይ አሳጥሪው። መጀመሪያ በሰፋፊ ስፌት ያዥውና ለብሰሽ ክንድሽን ወደ ላይ አንሺ። ካልተነሣልሽ ገና ነው፤ ፍቺው። መፍታት አያሳፍርም። አጎትሽ አራት ስሕተት አገኘሁ ብሎ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል፤ አትስሚው።»

ከ«ሠ» እስከ «አ» ያሉት ካርዶች በአደራ ፖስታ ተልከዋል። አንድም እንዳይጠፋ። ሌላ ግልባጭ የላቸውም፤ እኔም ሌላ ዕድሜ የለኝም።

አጎትሽ

ታኅሣሥ 9

ለማከብርዎ አጎቴ፤

ሰላምታዬ ዛሬ አጭር ነው፤ የምጠይቅዎት ነገር ስለሚያስቸኩለኝ። ጤናችሁን አምላክ ይጠብቅ።

ትናንት የ«አ»ን ካርዶች ጀምሬ እዚህ ደረስኩ፦

«አበሳ፦ ብርቱ ችግር፣ ሥቃይ። በጥንት ትርጉሙ በደል፣ ኃጢአት። ምሳሌ፦ ‹ምን አበሳ ብሠራ ነው ይህን አበሳ የማየው?› እህቴ፣ ጥቅምት 21።»

እማዬ እንዲህ አትናገርም። መርፌ ጣቷን ዘልቆ ሲወጣ እንኳ «ትንሽ ነካኝ» ያለች ሴት ናት፤ እኔ ነበርኩ ያለቀስኩት። አባዬ የሞተ ጊዜ እንኳ ይህን ቃል ስታወጣ አልሰማኋትም። ጥቅምት 21 ቀን ምን ሆና ነው እንዲህ ያለችው?

አጎቴ፣ በሞቴ እውነቱን ይንገሩኝ። ታማ ከሆነ ወረቀቱ ገደል ይግባ። አንሶላውንም ሌላ ሰው ይተኩሰው። እመጣለሁ። ሻንጣዬ ከአልጋዬ ሥር ነው፤ ለማውጣት ማጎንበስ ብቻ ነው የቀረኝ። «ነይ» ይበሉኝ።

ለእማዬ፦ እጅጌው እንዳልሽው ሆነ፤ ሦስት ጊዜ ፈትቼ። አሁን ደግሞ ገበሩ ብብቱ ላይ ይተረተራል። እሰፋዋለሁ፣ ተመልሶ ይተረተራል።

መልሱን ቶሎ ይላኩልኝ። አፈር ስሆን።

ልጅዎ

ጥር 6

ይድረስ ለሰረዝ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ እግርሽ እንቅፋት አይምታው። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ። ጉንፋን ይዞኝ ነበር።

ስለዚያ ካርድ ያን ያህል መጨነቅሽ አስቆኛል። የመኪናው ቀበቶ ተበጥሶባት፣ ለነገ የቀጠረችው የሙሽራ ልብስ መሐል ላይ ቆሞባት ነው። ያን ዕለት ያለችውን ሁሉ ብጽፈው አንድ ሣጥን ካርድ ይሞላ ነበር። እናትሽ ደኅና ናት። ሻንጣሽን ከአልጋ ሥር እንዳታወጪው።

ካርዱ ግን እኔንም አሥሮኝ ሰንብቷል። እናትሽ መርፌ ላይ ክር እያስገባች እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ፤ «አንተ የቃል ሰው ነህ። አበሳ ማለት ኃጢአት ከሆነ፣ ያመመው ሰው ሁሉ አጥፍቷል ማለት ነው?» አየሽ ልብስ ሰፊ እንዴት ያለ ነገር እንደምትጠይቅ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሳርም ይህን አስቤው አላውቅም። ካርዶቼን አውጥቼ ደረደርኳቸው። መከራ መጀመሪያ ፈተና ማለት ነው፤ ከ«መከረ» ጋር አንድ ቤት ያደገ ቃል ነው፤ እንግዲህ ፈታኝ አለበት። ሥቃይ አሠቃይ አለበት። አበሳ ጥንት በደል ነበር፤ ዳኛ አለበት። ፍዳም ብድራት ማለት ነበር፤ ፍዳዬን አየሁ የሚል ሰው ያጠፋሁትን ከፈልኩ ማለቱ ነው። እኛ አመመን ባልን ቁጥር ሳናውቀው ጥፋተኛ ነን እያልን ኖረናል። ታዲያ ምንም ያላጠፋ ሰው፣ ማንም ሳይፈትነው ማንም ሳይቀጣው ሲያመው ምን ይበል? እናትሽ ይህን ቃል ፈልግልኝ ብላኛለች። እየፈለግኩ ነው። ከ«ከ» እስከ «ገ» ያሉትን ካርዶች ልኬልሻለሁ፤ ያልደረስኩባቸው ፊደሎች ገና አሉ።

እንዲህ ትላለች፦

«ብብቱ የሚተረተረው ስለሚጠብሽ ነው፤ ወፍረሻል ማለት ነው፣ ደስ ብሎኛል። መልሰሽ አትስፊው። ፍቺና ቁራጭ ጨርቅ በሰያፍ ጨምሪበት። ለመምጣትም አትቸኩዪ። ወረቀትሽን ይዘሽ ነይ። ባዶ እጅሽን ብትመጪ በር አልከፍትልሽም።»

አጎትሽ

የካቲት 14

ለማከብርዎ አጎቴ፤

እንደምን ሰነበታችሁ? ቸር ወሬ ያሰማኝ ብዬ እጀምራለሁ፣ ምክንያቱም ቸር ወሬ አለኝ። የመኖሪያ ወረቀት ቢሮው ጠርቶኛል። ሚያዝያ 2 ቀን ቅረቢ ብሎኛል። እዚህ ለሚጠብቁት ሁሉ ይህ የመጨረሻው ጥሪ ነው ይባላል።

ለእማዬ ልነግራት ጎረቤታችን አናጢው ሱቅ ስልክ ደወልኩ። አናጢው ድሮ ስልክ ሲያነሣ መጋዙን አያቆምም ነበር፤ ምን እንዳለ ለመስማት መከራ ነበር። አሁን መጋዙ ቆመ፤ ዝቅ ባለ ድምፅ «እናትሽ ዐረፍ ብላለች፣ ሌላ ቀን ደውዪ» አለኝ። በሦስተኛው ቀን ብደውል «ጋሼም የሉም» አለ። ክፉ ነገር አላለኝም፤ ግን ያ ሰው ሳይጮህ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

እርስዎ ደኅና ናት ብለውኛል። እርስዎ የማያዩትን አይጽፉም ብዬ አምኛለሁ። በዚህ እምነት ነው ሻንጣውን የተውኩት።

ለእማዬ፦ ካፖርቱ ሊያልቅለት ነው። አንድ ነገር ብቻ፣ አንገትጌው ጫፉ ወደ ላይ ይነሣብኛል፤ በመተኮሻ ብጫነውም ተመልሶ ይነሣል። ያንቺ መላ ምንድን ነው? ሚያዝያ 2 ለብሼው ነው የምቀርበው።

ልጅዎ

መጋቢት 11

ይድረስ ለልጃችን፤

ሰላምታችን ይድረስሽ። ስለ ቀጠሮሽ ሰምተን ደስ ብሎናል። ከ«ጠ» እስከ መጨረሻው ያሉት ካርዶች በአደራ ፖስታ ተልከዋል። በእነዚህ ሥራው ያበቃል።

እናትሽ እንዲህ ትላለች፦

«ብርድ የሚገባው በመስኮት ነው፤ አልጋሽን ከመስኮት አርቂው። የሰው አገር ሰው ሲያናግርሽ ዓይን ዓይኑን እዪው፤ አንገት አትድፊ፣ ያጠፋሽው የለም። ወረቀቱ እጅሽ ሲገባ ሁለት ቀን ተኚ። ደክሞሻል። እኔ ያለሁበት ምንም አይጎድለኝም።»

አምላክ ከአንቺ ጋር ይሁን።

አጎትሽ

ሚያዝያ 16

አጎቴ፤

ወረቀቱን ሰጥተውኛል። ሚያዝያ 9 ቀን። ማኅተሙ ደማቅ ነው። ደስ እንዲልዎት ነው መጀመሪያ የጻፍኩት፤ ከዚህ በኋላ ደስ የሚል የለም።

እማዬ እንዳለችው ሁለት ቀን ተኛሁ። በሦስተኛው ቀን እሑድ ነበር፣ የ«ጠ»ን ካርዶች ፈታሁ። እንደ ነበሩ ልጽፍልዎት።

«ጠራ፦ ‹እንዳትጠራት ብዬሃለሁ።› እህቴ፣ ጥር 12።»

«ጠጋ አለ፦ ‹ጠጋ ይበሉልኝ፣ ላገላብጣት ነው።› ነርሷ፣ ጥር 15።»

«ጠጣ፦ ‹አንድ ማንኪያ እንኳ ብትጠጣ ጥሩ ነበር።› ነርሷ፣ ጥር 18።»

«ጣር፦ የመጨረሻ ብርቱ ሥቃይ፤ ጥንት ጻዕር። ‹ጥሬ ግሬ ኖሬያለሁ፤ ጣሩም ያው ሥራዬ ነው።› እህቴ፣ ጥር 19።»

መተየቤን አቆምኩ። ካርዶቹን ወለሉ ላይ በፊደል ሳይሆን በቀን ደረደርኳቸው። ከጥር 19 በኋላ የጻፏቸው ዐሥራ አራት ናቸው። አናጢው አለ። መድኃኒት ሻጩ አለ። ፖስተኛው አለ። ‹እህቴ› የሚል አንድም የለም። የ«ጸ»ው ላይ አናጢው የካቲት 2 ቀን እንዲህ ብሏል፦ «ቤታችሁ ጸጥ አለ፣ የስፌት መኪናው ድምፅ ናፈቀኝ።»

ያቺ ሴት ከጥር 19 ወዲህ አንድ ቃል አልተናገረችም? ቀኑን ሙሉ ስታወራ የምትውለው እናቴ?

የመጋቢቱንም ደብዳቤ መልሼ አነበብኩት። ስለ አንገትጌው ጠይቄያት ነበር። እማዬ የተነሣ አንገትጌ አይታ ዝም አትልም፤ መንገድ ላይ የማታውቀውን ሰው አስቁማ ታቃናለች። አልመለሰችልኝም። ስለ መስኮት ነገረችኝ። እርስዎም ስሕተት አላገኙብኝም፤ ሰረዝም አላሉኝም። 

ከጥር 19 በኋላ እናቴን ወክለው የጻፉት እርስዎ ነዎት? ለአንዲት ተራ ቃል ምሳሌ የማይፈጥሩት ሰው የእናቴን ቃል ፈጠሩ? ሌላ ምንም አይጻፉልኝ። ይህን ብቻ ይመልሱልኝ።

ግንቦት 10

ልጄ፤

ሰላም ልልሽ አፍሬ ሳልል ጀመርኩ።

እናትሽ ጥር 20 ቀን፣ ከቀትር በፊት ዐርፋለች።

መስከረም መጨረሻ ላይ ነው ያወቅነው። ነቀርሳው ከአጥንቷ ገብቶ ነበር። ሐኪሙ እስከ ጥር ብትቆይ ነው አለ። ከሐኪም ቤቱ በር ሳንወጣ ክንዴን ያዘችና አማለችኝ፤ «ያቺ ልጅ እብድ ናት፣ ትመጣለች። አንዲት ቃል ብትጽፍላት ዓይኔን አታየውም» አለች። የቅባቱ ነገር ውሸት ነው። የተበጠሰ ቀበቶም የሙሽራ ልብስም አልነበረም። ክር እያስገባች ጠየቀችኝ ያልኩሽም ውሸት ነው፤ ተኝታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው የጠየቀችኝ። «ነይ ይበሉኝ» ያልሽውን ደብዳቤ አነበብኩላት። እኔ ልጥራት አልኩ። ጥር 12 ቀን ያለችኝን አንብበሽዋል።

የጠየቅሽኝን ግን ልመልስ። አልፈጠርኩም። የሰውን ቃል መፍጠር ብፈልግም አልችልበትም፤ ይህን እሷም ታውቅ ነበር። ጥር 17 ቀን፣ «ብዕርህን አምጣ» አለችኝ። «አንተ መዋሸት አትችልም፤ እኔ ልዋሽልህ። እኔ ከሄድኩ በኋላ የምትልክላትን አሁን እናገራለሁ፣ ጻፍ።» ሦስት አጻፈችኝ። በምንም ወር ቢላክ እንዳያስነቃ እያሰበች፣ በየመሐሉ እያረፈች። የመስኮቱ መጀመሪያው ነው። ሁለተኛው፣ የመኖሪያ ወረቀትሽ ከዘገየ፣ ለሰኔ የታሰበ ነበር። አንገትጌውን ሳትጠይቂያት ሄደች፣ ምን ላድርግ።

በጥር 19 ጠዋት ነርሷ ከሄደች በኋላ «የጠየቅሽኝን ቃል አገኘሁልሽ» አልኳት። «ጣር በይው። ፈታኝ የለበትም፣ ዳኛም የለበትም። ከጥረት ጋር የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ጥሮ ግሮ አደረ የምንለው ነው። የሚጥር ሰው አላጠፋም፣ እየሠራ ነው።» በአንድ ወገን ከንፈሯ ሳቅ አለች። ያን ዓረፍተ ነገር የተናገረችው ያኔ ነው። እጄ ለምዶ ካርድ ሳብኩ። ስጽፍ አየችኝ። «ቀኑን አትርሳ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ የሰማሁት ቃል የለም።

ካርዱን ማስቀረት እችል ነበር። ዐሥር ቀን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኩት። ከክምሩ ሳወጣው የእሷን አፍ የያዝኩ መሰለኝ፤ መልሼ ከተትኩት። እንድታገኚው ፈልጌም ይሆናል። ሰባት ወር ሆድ ይፍጀው ብዬ ብቻዬን ይዤው ነበር፤ አልቻልኩም።

ሦስተኛው ይህ ነው። «ወረቀቱን የተቀበለች ዕለት» ብላ ነው ያጻፈችኝ፦

«እንኳን ደስ ያለሽ። አሁን ይንገርሽ። እሱን አትጣዪው፤ ያማልኩት እኔ ነኝ፣ እሱ ሲያለቅስ ነው የከረመው። ስድስት ዓመት የቆምሽበትን በር ለእኔ ሦስት ቀን ብለሽ እንዳትዘጊው ብዬ ነው። መጥተሽስ ምን ታያለሽ፤ የምታውቂያትን ሴት አታገኚያትም ነበር። ብትቆጪኝ ልክ ነሽ። እኔም ብሆን እቆጣ ነበር። ካፖርቱን ግን ሳላየው መቅረቴ ቆጭቶኛል።»

አጎትሽ

ሰኔ 4

አጎቴ፤

ሰላምታ አላበዛም፤ አቅም አጣሁ። በሕይወት ይቆዩኝ፤ ሌላ ሰው የለኝም።

ደብዳቤዎን ያነበብኩት ሥራ ቦታ፣ የአንሶላ ክምር ላይ ተቀምጬ ነው። አብራኝ የምትሠራው ልጅ መተኮሻውን አጥፍታ አጠገቤ ተቀመጠች። የኔን ድርሻ አንሶላ እስከ ማታ ተኮሰችልኝ።

ሁለታችሁንም ተቆጥቻለሁ። እማዬ «ልክ ነሽ» ስላለችኝ አልበረደልኝም፣ ባሰብኝ እንጂ። በሩ የኔ ነበር። ብትጠይቁኝ እዘጋው ነበር። ሦስቱን ቀን እመርጥ ነበር። የማላውቃትን ሴት እጅ ይዤ አንዲት ቀን መቀመጥን እመርጥ ነበር። ሁለት ሆናችሁ ተማከራችሁ፤ እኔ እንዳለሁ ረሳችሁ። ይህን በፊትዎ መናገር ስለማልችል ነው የምጽፈው፤ ሐምሌ 12 ስመጣ እርስዎን ሳይ ማልቀስ እንጂ መቆጣት አይሆንልኝም።

ክፍሏን እስክደርስ አይንኩት ልልዎት ብዬ ነበር። ከዚያ አሰብኩት፣ ብቻዎን ነዎት። እንደሚቀልልዎት ያድርጉት።

እሷ ለሕመሟ ቃል አግኝታ ሄደች። ደስ ይለኛል፣ እውነቴን ነው። ጣር ግን የእሷ ነው፤ አልጋዋ ላይ ሆና ሠርታበታለች። እኔ ያን ቀን ሁሉ የማላውቃቸው ሰዎች የተኙበትን አንሶላ ስተኩስ ነበርኩ። ደኅና ናት ብዬ፣ እያንጎራጎርኩ። ለዚህ የሚሆን ቃል በካርዶችዎ ውስጥ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ፈለግኩ፣ የለም።

የመጨረሻዎቹን ገጾች ልኬያለሁ። «ጣር»ን እንዳለ ተይቤዋለሁ፤ ትርጉሙን፣ አመጣጡን፣ የተናገረችውን፣ ቀኑን። አንድ ነገር ብቻ ለውጫለሁ። ካርዱ «እህቴ» ይላል፤ እኔ «እናቴ» ብዬዋለሁ። መዝገቡ የእርስዎ ነውና ስሕተት መሆኑን ዐውቃለሁ። አያርሙት።

ልጅዎ